ያቋረጣችሁትን ኮሌጅ ሳትጥሉ በኦንላይን ዲግሪ በርካሽ መጨረስ፦ ደረጃ በደረጃ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ጀሞ። በነዚህ ሰፈሮች ሁለት ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ያቋረጠ ሰው ሞልቷል። አንዱ በሕመም፣ አንዱ በቤተሰብ ችግር፣ አንዱ ግቢው በግርግር ተዘግቶበት፣ አንዱ ውጤት ጎድሎበት ነው። አብዛኛው አሁን ሥራ ላይ ነው። ከሥራ በኋላ መሃል ከተማ ወርዶ ማታ መማር ደግሞ በዚህ ትራንስፖርት አይታሰብም። ስለዚህ ኦንላይን ይሞክራል። ይሞክርና መሃል ላይ ገንዘቡ አልቆ ይቆማል።

የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ርካሽ ኮርስ ይገዛል፣ ሰርተፍኬት ይሰበስባል፣ ከዚያ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ይፈልጋል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ዲግሪውን የሚሰጠውን ዩኒቨርሲቲ ምረጡ። ከዚያ "ይህን ይህን እቀበላለሁ" የሚል ጽሑፍ ከእሱ ውሰዱ። ለኮርስ ገንዘብ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ደረጃዎቹን የደረደርኳቸው በዚህ ስሌት ስለሆነ አትዝለሉ።

መጀመሪያ ስሌቱ ይግባችሁ

የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። አንድ ኮርስ 3 ክሬዲት ከሆነ 40 ኮርስ ማለት ነው። ከሌላ ቦታ የተማራችሁት ከተቆጠረላችሁ ከ40ው ላይ ይቀነሳል። ነገር ግን ሁሉንም አምጥታችሁ ዲግሪ መውሰድ አትችሉም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ እኔ ጋ መማር አለባችሁ የሚለው ዝቅተኛ መጠን አለው። ከ120ው ውስጥ እስከ 90 ድረስ የሚቀበሉ አሉ፣ ከግማሽ በላይ የማይቀበሉም አሉ።

ለስሌት ያህል ግማሽ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ያዙና የአንድ ኮርስ ክፍያ 150 ዶላር ነው እንበል። ከዜሮ ብትጀምሩ 40 ኮርስ በ150፣ 6,000 ዶላር። እዚህ ሀገር ከተማራችሁት 36 ክሬዲት ቢቆጠርላችሁ፣ 24 ደግሞ ከርካሽ የኦንላይን ኮርሶች ብታመጡ፣ 60 ሞላ። የሚቀራችሁ 20 ኮርስ ነው፣ 3,000 ዶላር። እነዚያ 24 ክሬዲቶች 8 ኮርስ ናቸው። በወር ክፍያ በሚያስተምር ድርጅት ሁለት ሦስት ወር ውስጥ ከጨረሳችኋቸው ከ200 እስከ 300 ዶላር ይወስዱባችኋል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቢሆኑ 1,200 ነበሩ። ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደረጃ 1፦ ወረቀታችሁን አውጡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ወደ ቀድሞው ግቢያችሁ ሬጅስትራር ሂዱ።

የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው።

1. ስቱደንት ኮፒ። ይህ ለእናንተ ነው፣ ለማየትና ለመጀመሪያ ግምት ይሆናል።
2. ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። ይህ በእጃችሁ አይሰጥም፣ ታሽጎ በቀጥታ ለሚቀበለው ድርጅት ይላካል (የሚላከው በደረጃ 3 ነው)። ከአንድ በላይ ቦታ የምትልኩ ከሆነ ያኔውኑ ጠይቁ።
3. የተማራችኋቸው ኮርሶች ይዘት መግለጫ፣ ማለትም ኮርስ ዲስክሪፕሽን ወይም ኮርስ አውትላይን፣ ከተቻለ ማኅተም ያለበት። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በኋላ ግን "ይህ ኮርስ ምን እንደሆነ አላወቅንም" ሲባል የሚያድናችሁ እሱ ብቻ ነው። ሬጅስትራር ከሌለው ዲፓርትመንቱ ጋ ሂዱ።

*ክሊራንስና ኮስት ሼሪንግ።* ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያቋረጣችሁ ከሆነ ሁለት ነገር መንገድ ይዘጋል። አንደኛው ስትወጡ ክሊራንስ አለመጨረሳችሁ ነው። ያልተመለሰ አንድ የላይብረሪ መጽሐፍ እንኳ ፋይላችሁን ያሳግዳል። ሁለተኛው የወጪ መጋራት ዕዳ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከመላኩ በፊት ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። የቆያችሁት ሁለት ዓመት ከሆነ የሚታሰበውም የሁለቱ ዓመት ነው፣ ስለዚህ ሰምታችሁ አትደንግጡ፣ መጠኑን በጽሑፍ አስወጡ። ይህን ወጪ በጀታችሁ ውስጥ ካላስገባችሁት መሃል ላይ ያቆማችኋል።

*ስም።* ይህን በጣም ተጠንቀቁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስማችሁ ትራንስክሪፕት ላይ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይና ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ትራንስክሪፕት ላይ ጸጋዬ በአንድ መልክ፣ ፓስፖርት ላይ በሌላ መልክ ተጽፎ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል። የፊደል ልዩነት ብቻ ከሆነ ሬጅስትራሩ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ስሙ ራሱ ከተለየ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀድሞ መጀመር አለበት። የአያት ስም የሌለበት ሰነድ ካላችሁም እዚሁ ጨርሱት። ከዚህ በኋላ በሁሉም ፎርም ላይ ስማችሁን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሙሉ።

*የዘመን አቆጣጠር።* ሰነዱ ላይ ዓመቱ በእኛ ነው ወይስ በእነሱ? አንዳንዱ ትራንስክሪፕት ይለየዋል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። 2012 ብቻ ተጽፎ ከሆነ ገምጋሚው በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል፣ ያኔ ልጅ ሆናችሁ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ያስመስላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ እንዲጻፍበት አድርጉ።

*ክሬዲት ሀወር ወይስ ኢሲቲኤስ።* ኢሲቲኤስ የአውሮፓ የክሬዲት መቁጠሪያ ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱንም ይጽፋሉ። 5 ኢሲቲኤስ የሆነ ኮርስ ብዙ ጊዜ 3 ክሬዲት ሀወር ነው። ራሳችሁ ስትገምቱ የኢሲቲኤሱን ድምር እንደ አሜሪካ ክሬዲት አትቁጠሩ። 60 ኢሲቲኤስ አላችሁ ማለት ከ30 እስከ 36 ያህል ነው።

ካልሰጧችሁስ?

ሬጅስትራሩ ፋይሉን አጣሁት ካለ ግሬድ ሪፖርት፣ የምዝገባ ስሊፕ፣ የድሮ መታወቂያ፣ ያላችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱና ጥያቄውን በማመልከቻ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ገቢ ማኅተም አስመቱ። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል። ግቢው ክፍለ ሀገር ከሆነና መሄድ ካልቻላችሁ እዚያ ላለ ሰው ውክልና ስጡ። ውክልናው ላይ ትራንስክሪፕት መጠየቅ፣ ክሊራንስ መጨረስና ክፍያ መፈጸም የሚሉት ሦስቱም በግልጽ ይጻፉ፣ አንዱ ከጎደለ ሰውየው ተመልሶ ይመጣል። በምዝገባና በምረቃ ሰሞን አትሂዱ፣ ሬጅስትራር የሚሰማ ጆሮ የለውም።

የተማራችሁት የግል ኮሌጅ ከሆነ ሌላም ነገር አጣሩ። እናንተ በተማራችሁበት ዓመት፣ በዚያ ካምፓስ፣ በዚያ ፕሮግራም ዕውቅና ነበረው ወይ? ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። ከተዘጋ ደግሞ ሰነዱ የት እንዳለ ለማወቅ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሂዱ። የቴክኒክና ሙያ ሌቪል 3 እና 4 ብቻ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ይህ እንደ ዲግሪ ኮርስ በቀላሉ እንደማይቆጠር ከወዲሁ እወቁት። ለእናንተ ዋናው መንገድ ከታች በዚህ ጽሑፍ ደረጃ 5 ላይ ያለው፣ የጎደለውን በርካሽ መሙላት ነው።

ደረጃ 2፦ ዲግሪውን የሚሰጠውን ዩኒቨርሲቲ ምረጡ

ማስታወቂያ አይታችሁ አትምረጡ። አራት ጥያቄ ጠይቁ፣ አራቱንም ያለፈውን ብቻ ያዙ።

*አንድ፦ ዕውቅናው ከማን ነው?* የአሜሪካ ከሆነ የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት ውስጥ ስሙን ፈልጉ። ከሌለ ተዉት፣ ክርክር የለውም። "ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ ዕውቅና ሰጪውን ራሱ ፈጥሮ የሚሸጥ ሞልቷል። "ያላችሁን የሥራ ልምድ ላኩና በ10 ቀን ዲግሪ" የሚል ካያችሁም ዝጉት።

*ሁለት፦ ከኢትዮጵያ ሆኜ መማር እችላለሁ?* ይህ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው ያቃጥላል። ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ርካሽ ነው ሲባል ትሰማላችሁ፣ ነገር ግን የሚያስተምረው አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩትን ነው። ማመልከቻ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ኢሜይል ጻፉ።

*ሦስት፦ ስንት ክሬዲት ይቀበላል፣ ከየትስ?* ሳውዘርን ኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ከ120ው ውስጥ እስከ 90 ድረስ ይቀበላል፣ የአንድ ክሬዲት ዋጋው ግን ለእኛ ኪስ ከባድ ነው። ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲና ቻርተር ኦክ ስቴት ኮሌጅም ብዙ ክሬዲት በመቀበል የታወቁ ናቸው። ለኢትዮጵያውያን በብዛት የሚሆነው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ፣ የትምህርት ክፍያ የማይጠይቅ፣ ለማመልከቻና ለየኮርሱ ምዘና ግን የሚያስከፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በምዕራብ አሜሪካ ያሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያላቸውን የክልል ዕውቅና አግኝቷል። ቢዝነስ አስተዳደር፣ ኮምፒውተር ሳይንስና ጤና ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። መክፈል ለማይችል የስኮላርሺፕ ማመልከቻ አለው፣ አታፍሩ፣ ሙሉት። የምዘና ክፍያው በየጊዜው ስለሚጨምር የዓምና ዋጋ ይዛችሁ በጀት አታውጡ።

*አራት፦ እዚህ ሀገር ይቆጠርልኛል?* ይህን ጥያቄ ሰው የሚጠይቀው ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲያመለክት ነው። ያኔ ዘገየ። የውጭ ሀገር ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ የቀድሞው አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ። የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የዕውቅና ሰጪውን ስም፣ ፕሮግራሙንና ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን መሆኑን ጽፋችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ በወቅቱ የነበረውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያላሟላ ከሆነ እሱንም ሳትደብቁ አንሱት። መልሱን በጽሑፍ ውሰዱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ባንክ ለመቀጠር የምታስቡ ሰዎች ይህን መልስ ሳትይዙ ወደ ደረጃ 3 አትሂዱ። ከውጭ ድርጅት ጋር በርቀት ለመሥራት ወይም ለማስተርስ ውጭ ለማመልከት ከሆነ ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ደረጃ 3፦ ያላችሁን ክሬዲት አስገምግሙ

መጀመሪያ በስቱደንት ኮፒው ነፃ ግምት ጠይቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ለአመልካች ይሠራል። ስካን የተደረገ ሰነድ ላኩ፣ በስልክ የተነሳ ጥላ ያለበት ፎቶ አትላኩ።

ከዚያ ዋናው ግምገማ ይመጣል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ትራንስክሪፕትን ብዙውን ጊዜ በራሱ አያነብም፣ እንደ ደብልዩ ኢ ኤስ ወይም ኢሲኢ ባሉ ገምጋሚ ድርጅቶች ተተርጉሞ እንዲመጣለት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ።

የመጀመሪያው የተሳሳተ ዓይነት ሪፖርት መግዛት ነው። ርካሹ ሪፖርት "ይህ ሰው ይህን ያህል ዓመት ተምሯል" ብቻ ይላል። እናንተ የምትፈልጉት ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ነው፣ ወደ 200 ዶላር ገደማ ይሆናል። ርካሹን ከገዛችሁ አንድም ክሬዲት አይቆጠርበትም።

ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው የማይቀበለውን ገምጋሚ መምረጥ ነው። የመረጣችሁትን ዩኒቨርሲቲ "የማንን ግምገማ ትቀበላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቃችሁ ብቻ ክፈሉ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ገምጋሚው ጋ አካውንት ክፈቱ። የማጣቀሻ ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩን ይዛችሁ ሬጅስትራር ሂዱ፣ ቁጥሩ በፖስታው ላይና በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ፖስታው ይታሸግ፣ በመዝጊያው ላይ ማኅተም ይመታበት። በኢኤምኤስ ወይም በዲኤችኤል ይላክ፣ መከታተያ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፖስታውን ከእናንተ እጅ ከተቀበሉ ውድቅ ሊያደርጉት ስለሚችሉ መላኩን ሬጅስትራሩ ራሱ እንዲሠራው ግፉ፣ የመላኪያውን ክፍያ እናንተ ብትሸፍኑም።

ውጤቱ ሲመጣ ምን ትጠብቃላችሁ? አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ሲ እና ከዚያ በላይ ያመጣችሁበትን ኮርስ ነው የሚቆጥረው፣ ዲ ያለበት ይወድቃል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ፍሬሽማን ለተማራችሁ መልካም ነገር አለ። ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ኮሚዩኒኬሽን፣ እነዚህ በአሜሪካ ጠቅላላ ትምህርት ውስጥ በቀጥታ የሚገቡ ናቸው። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክም በታሪክ ወይም በምርጫ ኮርስነት ይገባል። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂና ኢንክሉሲቭነስ ያሉት ብዙ ጊዜ ነፃ ምርጫ (ፍሪ ኢሌክቲቭ) ይሆናሉ። ስፖርቱን አትቁጠሩበት።

በዝቅተኛ ውጤት ተሰናብታችሁ ከሆነ ይህን ልብ በሉ፦ የሚሸጋገረው ክሬዲቱ እንጂ ጂፒኤው አይደለም፣ በአብዛኛው አዲሱ ጂፒኤ ከዜሮ ይጀምራል። ሲ ያመጣችሁባቸው ኮርሶች አብረዋችሁ ይመጣሉ። ግን የተሰናበታችሁበትን ግቢ ከማመልከቻው ላይ አትደብቁ። ከታወቀ ሁሉም ይሰረዛል።

*ግምገማው ካነሰባችሁ* ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። የትኛው ኮርስ እንደተጣለና ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ በደረጃ 1 ያወጣችሁትን የኮርስ መግለጫ አያይዛችሁ ይግባኝ በሉ። መልሱ የሚቀየረው በመግለጫው እንጂ በልመና አይደለም።

ደረጃ 4፦ የክፍያ መንገድ ቀድማችሁ ክፈቱ

ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት ዶላሩ በየት እንደሚወጣ ይታወቅ። ሦስት ንጹሕ መንገድ አለ።

ውጭ ያለ ዘመድ ካለ በራሱ ካርድ፣ በእናንተ የተማሪ ቁጥር፣ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ይክፈል። ገንዘቡን ለእናንተ ልኮ እንደገና ወደ ውጭ ለማውጣት መሞከር ትርጉም የለውም። ሒሳብ መጠየቂያውን ላኩለት፣ ደረሰኙን ተቀበሉ።

ሁለተኛው ባንክ ነው። የቅበላ ደብዳቤና ሒሳብ መጠየቂያ ይዛችሁ ዋናው መሥሪያ ቤት ወይም ትልቅ ቅርንጫፍ ሂዱ፣ ለትምህርት ክፍያ የውጭ ምንዛሬ ጠይቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ምጣኔውን ባንኮች ራሳቸው ስለሚወስኑ ከአንድ በላይ ባንክ ጠይቁ፣ የማስተላለፊያውን ኮሚሽንም ጨምራችሁ አወዳድሩ። በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ከመላክ የአንድ ተርም ክፍያ በአንዴ መላክ ይሻላል።

ሦስተኛው የራሳችሁ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ነው። ከውጭ ደንበኛ ጋር የምትሠሩ ሰዎች ባንካችሁን ከሒሳቡ ጋር የሚሠራ ዓለም አቀፍ ካርድ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴሌግራም ላይ "ኮርስ እንከፍላለን፣ በብር ትሰጡናላችሁ" የሚሉትን አትንኩ። ካርዱ የማን እንደሆነ አታውቁም። ባለቤቱ አልከፈልኩም ብሎ ባንኩን ሲያስመልስ ዕዳው እናንተ ላይ ይቀራል፣ አካውንታችሁ ይዘጋል፣ ትራንስክሪፕታችሁ ይታገዳል። ለፍታችሁ ያለፋችሁት ኮርስ በሌላ ሰው ሌብነት ይያዛል። ቅናሽ ቢያደርጉም አትግቡበት።

ደረጃ 5፦ የጎደለውን በርካሽ ሙሉ

አሁን በእጃችሁ የተቆጠሩና ያልተቆጠሩ ኮርሶች ዝርዝር አለ። የጎደሉትን ብቻ ለይታችሁ ጻፉ። ጄኔራል ሳይኮሎጂ ተቆጥሮላችሁ ከሆነ ሌላ የሳይኮሎጂ መግቢያ አትውሰዱ፣ ሁለቴ አይቆጠርም።

የምታገኟቸው ምንጮች፦

- ሶፊያ፦ በወር 99 ዶላር ገደማ፣ በራሳችሁ ፍጥነት። በአንድ ጊዜ ሁለት ኮርስ ከፍታችሁ አንዱን ስትጨርሱ ሌላ ትከፍታላችሁ። ጊዜ ላለው ሰው በወር ከሚከፈልባቸው ውስጥ ከዚህ የሚረክስ መንገድ አላየሁም።
- ስተዲ ዶት ኮም፦ ይህም በወር ነው፣ የኮርስ ምርጫው ሰፊ ነው፣ የመጨረሻ ፈተናው ግን በካሜራ ቁጥጥር ነው።
- ሴይለር አካዳሚ፦ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ለክሬዲት የሚሆነው ፈተና ላይ ብቻ ጥቂት ትከፍላላችሁ።
- ኮርሴራ ላይ ያሉ እንደ ጉግል አይቲ ሰፖርት ያሉ ሰርተፍኬቶች፦ ክሬዲት ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፣ ሁሉም አይደሉም። የክፍያ ድጋፍ ማመልከቻ አለው።

ክሌፕ የሚባለውን፣ ኮርሱን ሳትማሩ በፈተና ብቻ ክሬዲት የሚያስገኘውን ፈተና በየቦታው ሲያሞግሱት ትሰማላችሁ። ቤት ሆኖ መፈተን የሚቻለው ግን አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው ነው፣ ስለዚህ ዕቅዳችሁን በእሱ ላይ አትሥሩ።

እነዚህ ድርጅቶች ዲግሪ አይሰጡም። ኮርሶቻቸውን አሜሪካን ካውንስል ኦን ኤጁኬሽን የሚባል ተቋም አይቶ "ይህ ለዚህ ያህል ክሬዲት ይበቃል" ብሎ ይመክራል። ምክር ነው፣ ግዴታ አይደለም። የሚወስነው የእናንተ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ አንድ ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት ለአማካሪያችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "ይህን ኮርስ ከዚህ ድርጅት ብጨርስ በእኔ ፕሮግራም ውስጥ የትኛውን ኮርስ ይተካል?" "አዎ እንቀበላለን" የሚል መልስ አይበቃም። የሚተካውን ኮርስ ስም ጠይቁ። ያለዚያ ሁሉም ነፃ ምርጫ ውስጥ ይታጎርና ነፃ ምርጫው ሲሞላ የቀረው ይጣላል።

ሌላው ወጥመድ የኮርስ ደረጃ ነው። ርካሾቹ ኮርሶች በብዛት የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ናቸው። ዲግሪው ደግሞ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ክሬዲት ይጠይቃል፣ እሱን በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው የምትማሩት። የአንደኛ ዓመት ኮርስ 100 ብትሰበስቡ ጥቅም የለውም።

ክፍያውን ከመጀመራችሁ በፊት ነፃ ጊዜ ያላችሁን ወር ምረጡ። የወር ክፍያ የሚያዋጣው በዚያ ወር በብዛት ለሚጨርስ ነው። በየሳምንቱ አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁ በወር አንድ ኮርስም ላይወጣላችሁ ይችላል፣ ያኔ ዋጋው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ይቀራረባል። ስትጨርሱ ትራንስክሪፕቱ ከድርጅቱ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይላክ፣ ያወረዳችሁት ሰርተፍኬት አይቆጠርም። ከዚያ በተማሪ ገጻችሁ ላይ ኮርሱ መግባቱን አይታችሁ ብቻ የወር ክፍያውን አቁሙ።

ደረጃ 6፦ ትምህርቱ ሲጀመር

*ሰዓት።* በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ምክንያት ጥሩ ተማሪ ሥራውን ሳያስገባ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ሳምንቱን ሐሙስ ጀምሮ ረቡዕ ሌሊት 11:55 ላይ በራሱ ሰዓት ይዘጋል። አዲስ አበባ ላይ ያ ሐሙስ ጠዋት 1:55 ነው። ወደ ሥራ ታክሲ የምትጠብቁበት ሰዓት። ሥራችሁን ረቡዕ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አስገቡ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት የሚሠሩ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ይቀይራሉ። ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የሚዘጋ ሥራ እኛ ጋ አንዴ ጠዋት 12:59፣ አንዴ 1:59 ይሆናል።

*መብራትና ኔትወርክ።* ኮንዶሚኒየሙ መብራት ሲጠፋበት ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ሁለት ሲም ያዙ፣ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ ሳፋሪኮም። የትኛው እናንተ ክፍል ውስጥ እንደሚሠራ ቀድማችሁ ሞክሩ፣ በአንዱ ብሎክ የሚሠራው በሌላው ላይሠራ ይችላል። ንባቡን መብራት ሲኖር አውርዱ። ጽሑፋችሁን ኮምፒውተራችሁ ላይ ጻፉ፣ ገጹ ላይ በቀጥታ አትጻፉ፣ ሲቋረጥ ይጠፋል።

*በካሜራ የሚሰጥ ፈተና።* ብቻችሁን የምትሆኑበት ክፍል ያስፈልጋል። አብርሆት ላይብረሪ ለጥናት ግሩም ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም፣ ሰው ካሜራው ውስጥ ከገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። የተሞላ ባትሪ፣ ዳታ ያለው ስልክ፣ ፓስፖርት አጠገባችሁ ይሁኑ። ጎረቤት ሠርግ ወይም ሙሾ ያለበትን ቀን አትያዙ። ኔትወርኩ ከተቆረጠ የስልካችሁን ሰዓት የሚያሳይ ፎቶ አንሱ፣ ወዲያው ለፈተና ሰጪውና ለመምህሩ ጻፉ፣ ማግስቱን አትጠብቁ።

ጽሑፍ ከሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ወይም ሰው አስጽፋችሁ አታስገቡ። ሶፍትዌር ያነበዋል። አንድ ጊዜ ከተያዛችሁ የኮርሱ ክፍያም ክሬዲቱም ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ ዲግሪው ሲደርስ

የመጨረሻው ኮርስ ሲቀራችሁ የምረቃ ማመልከቻ ሙሉ፣ በራሱ አይመጣም። ስማችሁ ዲግሪው ላይ እንዴት እንደሚጻፍ የሚጠይቅ ቦታ አለ፣ እንደ ፓስፖርቱ ይሁን።

ለአቻ ግምት ስትሄዱ ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የቀድሞው ግቢ ትራንስክሪፕት፣ የኮርስ በኮርስ ግምገማው፣ ክሬዲት የተቆጠረላችሁ መሆኑን የሚያሳየው የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤና በደረጃ 2 ያገኛችሁት የባለሥልጣኑ መልስ አብረው ይሁኑ። ትራንስክሪፕታችሁ ላይ የሁለት ዓመት ኮርስ ብቻ ስለሚታይ "ዲግሪ በሁለት ዓመት?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ የተሸጋገሩት ክሬዲቶች ናቸው፣ ወረቀቱ ደግሞ በእጃችሁ አለ።

ማረጋገጫው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲመጣ ከተጠየቀ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የባለሥልጣኑን ኢሜይልና የፋይል ቁጥራችሁን ላኩ። መልስ ከዘገየ ሁለቱንም ወገን በአንድ ኢሜይል አገናኟቸው። ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ አስወጡና የጎደለውን ሰነድ አሟልታችሁ እንደገና አስገቡ።